የእትዬ ግራ ጎን

ሰኞ

ስብሰባ ነበረን። ኃላፊያችን፣ ተማሪዎቹ እሱ በሌለበት «ማስመሪያው» የሚሉት፣ የማታ ተማሪዎቼን የሰው ምስል ሥራዎች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸውና «ይሄ ስዕል ነው ወይስ ዶሮ የጫረችው?» አለ። ሰው ሳቀ። እኔም የሳቅሁ መሰለኝ፤ አሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በትምህርት ወቅቱ ማብቂያ ኤግዚቢሽን አለ። ከውጭ ሦስት ገምጋሚዎች ይመጡና የማታው ክፍል ይቀጥል ወይም ይዘጋ ይላሉ። ከእኔም ከመምህሯ አንድ ሥራ ይሰቀላል። ማስመሪያው የሚፈልገው ልኩ የተጠበቀ ራስና በጥላ የተድቦለቦለ ክንድ ነው። አብረን ነው የተማርነው፤ ያኔም ጎበዝ ነበር፣ ያኔም የሳለው ሰው ሁሉ የሱቅ መስኮት አሻንጉሊት ይመስል ነበር። ይህን በስብሰባው ላይ ማለት ነበረብኝ። ሁልጊዜ መልስ የሚመጣልኝ ደረጃውን ስወርድ ነው።

እህቴ ጋ፣ እትዬ ጋ አልሄድኩም። ከሆስፒታል ከወጣች ሁለት ሳምንት ሆናት። ነገ እሄዳለሁ።

ረቡዕ ማታ

ክፍሌ በር ላይ የቆርቆሮ ጣሳ አለ። የገባ ሁሉ ላጲሱን እዚያ ይጥላል፣ ሲወጣ ይወስዳል፤ እኔ ክፍል መስመር አይጠፋም። አዲስ ተማሪ መጀመሪያ ቀን ልብሱን አውልቅ የተባለ ይመስል ይሽኮረመማል።

ዛሬ የተቀመጠልን ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፤ ጀርባውን ሰጥቶን። ረጅሙ ተማሪዬ፣ ከቢሮ በቀጥታ የሚመጣውና ክራቫቱን ኪሱ የሚከተው፣ ከማጅራቱ ጀምሮ እርሳሱን ሳያነሳ ወረደ። ትከሻው ላይ ፈጠን አለ። ወገቡ ጋ ሲደርስ ዘገየና ተጫነ፣ ወረቀቱ ሊበሳ ምንም አልቀረው። እዚያ ቦታ ላይ ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ የተሸከመው የደብዳቤ ቦርሳ አለ። ቦርሳውን ማንም አልሳለውም፤ መስመሩ ግን ከብዶታል። እኔ የምለው ይህንን ነው! መስመር ቆዳ የሚያልቅበትን ቦታ ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ለዚያ ፎቶ ይበቃል። መስመር የሳለው ሰው እጅ የት እንደፈራ፣ የት እንደደፈረ፣ የት እንዳዘነ ይናገራል። የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ይንቀጥቀጥ። የሚደጋገም ከሆነ ይደጋገም።

ማስመሪያው በበሩ ብቅ አለ። የሌላዋን ተማሪ ወረቀት አይቶ «ይሄ ሰውዬ ስንት ትከሻ ነው ያለው?» አለ።

«ሦስት» አልኩት። «አንዱ ሲቀመጥ፣ ሁለተኛው ሲደክመው፣ ሦስተኛው አንተ ስትገባ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ፖስተኛው ራሱ ሳቀና አራተኛ ትከሻ አወጣ።

እትዬ ጋ ዛሬም አልሄድኩም። ዝናብ ነበር።

ዓርብ

እትዬ ደወለች። «አለሽ? በሕይወት አለሽ?» አለችኝ። እሷ እኔን!

ቅዳሜ ማታ

ሄድኩ።

መጋረጃው በጠራራ ፀሐይ ተዘግቷል። እትዬ ካፖርቷን ለብሳ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች፤ ቤቱ አይበርድም። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረች፣ የጫማዋ ድምፅ ሲሰማ አንድ ፎቅ ተማሪ ጸጥ የሚልላት ታላቅ እህቴ፣ ግራ ጡቷ በቀዶ ጥገና ከወጣ ወዲህ ከሐኪም ቤት በቀር የትም አልሄደችም። ከሱቅ የሚገዛላት ነገር ካለ የምትገዛላት የፎቅ ጎረቤቷ ናት።

«ሰው ሲመጣ ዓይኑ መጀመሪያ የት እንደሚያርፍ አውቃለሁ» አለች። «ከዚያ ደንገጥ ይልና ጣሪያ ያያል። ጣሪያዬ ይሄን ያህል ያምራል እንዴ?»

እኔም ጣሪያውን እያየሁ ነበር።

«ወረቀት ይዘሻል?»

«ሁልጊዜም ይዣለሁ።»

«እንግዲያው ሳዪኝ።» ካፖርቷን አወለቀች። ከዚያ የሸሚዟን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታች፤ ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንደቆመች ሁሉ ወገቧን አቅንታ ተቀመጠች።

ሦስት ሳልኩ። እጄ እሺ ብሎኝ ነበር። የአንገቷን ዝንባሌ፣ የክርኗን ሹለት፣ ጭኗ ላይ ያረፈውን እጇን ወደድኳቸው። መነጽሯን አድርጋ ሦስቱንም እንደ ፈተና ወረቀት ደረደረቻቸው።

«ሦስቱም ከቀኝ ነው።»

«ብርሃኑ በዚያ በኩል ስለሚሻል...»

«መጋረጃው እኮ ዝግ ነው። በግራ በኩል ወንበር የለም?»

ወረቀቶቹን ሰበሰብኩ።

«አልሸሹም ዞር አሉ» አለችና ሸሚዟን ቆለፈች። ከዚያ ስለ ጎረቤቷ ድመት አወራን።

ለተማሪ «የምታዩትን ሳሉ፣ የሚመቻችሁን አይደለም» እያልኩ የምጮህ እኔ ነኝ። ከስብሰባ ስወጣ «እሱ ፈሪ ነው» የምል እኔ ነኝ። እህቴን ለመሳል ግን ወንበሬን ጎትቼ ጎትቼ የምፈልገው ነገር ብቻ ወደሚታይበት ጥግ ወሰድኩት። ማስመሪያው ቢሆን ቢያንስ በግልጽ ይዋሻል።

ማክሰኞ

ቸኩያለሁ። ማስመሪያው የሥራሽን ርዕስና መጠን ስጪ ብሏል። ርዕስ የለኝም። መጠን ጻፍኩለት፤ መጠን ይወዳል።

ቅዳሜ ማታ

ዛሬ ገና ስገባ ወንበሩን አንስቼ በግራዋ አስቀመጥኩት። እትዬ አየችኝ። መጋረጃውን ራሷ ከፈተችው።

በከሰል ነው የሳልኩት። ትከሻዋ እምቢ አለኝ፤ አንዴ ከፍ አደረግኩት፣ አንዴ ዝቅ፣ አራተኛው ላይ ያዝኩት። የመጀመሪያዎቹን አልነካኋቸውም። ከአንገቷ አጥንት ሥር መስመሩን ይዤ ወረድኩ። ድሮ ወደ ውጭ ይወጣ የነበረበት ቦታ ስደርስ እጄ በልማዱ ሊወጣ ፈለገ። እጅ ያውቃል፤ ያወቀውን መሳል ይፈልጋል። ዓይኔን ከእሷ ላይ አላነሳሁም። እዚያ ከሰሉን ከወረቀቱ አነሳሁት። ትንሽ ባዶ ነጭ ተውኩ። ከዚያ ጠባሳው የሚጀምርበትን አግኝቼ ተጫንኩ፤ ወደ ብብቷ እስኪደርስ በአንድ ትንፋሽ ሄድኩ። አልቅሻለሁ መሰለኝ፤ ከሰል ዓይን ያቃጥላል።

እትዬ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች።

«ትከሻዬ ላይ ያለው ይሄ ሁሉ መስመር ምንድነው?»

«ትከሻሽን ስፈልግ የሄድኩበት ነው። የተሳሳትኩትንም አላጠፋም።»

«አሠራሩን ማሳየት ነዋ!» ዓይኗ በራ። ከታመመች ወዲህ እንዲህ ስትጮህ አልሰማኋትም። «ሠላሳ ዓመት ጉሮሮዬ እስኪነቃ የለፈለፍኩት! መልሱ ልክ ሆኖ አሠራሩ ከሌለ ዜሮ ነበር የምሰጠው። ከጎረቤት የተገለበጠ ነዋ። ለካ አንቺም ሒሳብ ነው የምትሠሪው፣ ሚጢጢ።»

ሚጢጢ የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው።

ከዚያ ጣቷን ነጩ ቦታ ላይ አደረገች፣ ሳትነካው። «ይሄ አልተዘጋም።»

«አልዘጋሁትም።»

«ተዪው። አትዝጊው።» ካፖርቷን ደረበች። «ይህን ትሰቅዪዋለሽ። ከሰቀልሽው እመጣለሁ፣ በእግሬ ቆሜ አየዋለሁ። ሰው እኔንም ስዕሉንም እያየ ጣሪያ ማየት ይሰልቸው። አንዲት ነገር ከጨመርሽበት ግን ቤቴ ነኝ።»

«ምንም አልጨምርም።»

«ማዪልኝ።»

ማልኩላት።

ሐሙስ

ሆስፒታል አብሬያት ነበርኩ። ሐኪሟ እኔን ለብቻ ጠርታ በጣም በዝግታ አናገረችኝ፤ ጥሩ ሴት ናት። መድኃኒቱን አቁመውላታል። ሰውነቷ እረፍት ይፈልጋል፣ እረፍት ይሰጣት ብለው ነው። ይሄ ጥሩ ምልክት ነው። በመድኃኒቱ ስትሰቃይ አልነበር?

ኮሪደሩ ላይ ሁለት ነርሶች ያወራሉ። አንዷ «ቤተሰብ ያውቃል?» አለች። ሌላዋ «ታናሽየዋ ተነግሯታል፤ የሰማች ግን አትመስልም» አለች። ስንት ታማሚ አለ፣ ስለ ማን እንደሚያወሩ ማን ያውቃል።

እትዬ ካፖርቷን ሰጠችኝ። «ሰፋኝ» አለች። መድኃኒቱ ምግብ ይዘጋል፣ ሰው ይከሳል። መጻሕፍቷንም ለጎረቤቷ ልጆች እያደለች ነው፤ ቤቱ እኮ ጠባብ ነው።

ሰኞ

ስዕሉን አስገባሁ። ማስመሪያው ቆሞ አየው። የእውነቴን ነው፣ ለአንድ አፍታ ፊቱ ተለወጠ።

«እጅሽ አሁንም አለ» አለ። «ጨርሺዋ።»

«ጨርሻለሁ።»

«በግራ በኩል ክፍት ነው። ገምጋሚ ይህን አይቶ መምህሯም አትችልም ነው የሚለው።»

«ይበል።»

«ለክፍልሽ ስል ነው የምነግርሽ።»

«ለክፍሌ ስትል አትንካው።»

ማን እንደተቀመጠችልኝ አልነገርኩትም። ምን አገባው። ደግሞ ማስረዳት ከጀመርኩ መስመሩ ምን ሠራ?

ረቡዕ

ከኤግዚቢሽኑ አዳራሽ በቀጥታ መጥቼ ነው የምጽፈው።

እዚህ ትምህርት ቤት ልማድ አለ። መምህር የተማሪን ወረቀት ይቀበልና በራሱ እጅ በላዩ ላይ ያርማል። ሁላችንም እንዲህ ታርመን ነው ያደግነው፤ እኔ ብቻ ነኝ የተውኩት። እና ማስመሪያው አረመኝ።

ተሰቅሎ አገኘሁት። ነጩ ቦታ የለም። መስመሩን ዘግቶታል፤ ጡት ሠርቶላታል፤ ሥሩ ለስላሳ ጥላ አስገብቶበታል። የሳልኩትን ጠባሳ የቆዳ እጥፋት አድርጎታል። ጎበዝ ነው አልኩ እኮ! ማን እንደሠራው የማያውቅ ሰው ስፌቱ አይታየውም።

«ረዳሁሽ» አለኝ ፈገግ ብሎ። «ማመስገን አያስፈልግም።»

ላጲስ ፈለግኩ። እኔ፣ ላጲስ! ከሰሉ እንዳይረግፍ የሚረጨውን ነገር ደግሞ ረጭቶበታል፤ ከእንግዲህ አይጠፋም። ልገነጥለው ሳመራ ጥበቃው ገባ፤ አዳራሹ እስከ ዓርብ መክፈቻ ይቆለፋል፣ ቁልፉ ማስመሪያው ጋ ነው።

በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት።

ሐሙስ

ለእትዬ ልነግራት ሄድኩ። ፀጉሯን ታጥባለች። ጫማዋን ራሷ ቀብታ በሩ ጋ አስቀምጣዋለች፤ ያ በኮሪደር የሚያንኳኳውን። «ስንት ሰዓት ነው የምትወስጂኝ?» አለች።

ዘጠኝ ሰዓት አልኩ። የሄድኩበትን ሳልነግራት ወጣሁ። ምዬላት ነበር። እኔ አልጨመርኩም፤ ግን ምን ልዩነት አለው?

ቤቴ ስደርስ ለራሴ አንድ ነገር ወሰንኩ። ነገ በሩ ላይ፣ ከመግባታችን በፊት እነግራታለሁ። መመለስ ከፈለገች እንመለሳለን። ከዚያ እኔ ብቻዬን ገብቼ በሁሉም ፊት ስዕሉን ከግድግዳው አወርደዋለሁ። ክፍሉን ይዝጉት። እሳት ይብላው።

ዓርብ ማታ

ሁሉንም መጻፍ አለብኝ፣ አንዲት ነገር እንዳትረሳኝ።

በሩ ላይ አቆምኳት። «እትዬ፣ ስዕሉን ነክተውታል» አልኳት። «ግራሽን ሞልተውታል። አልጠፋ አለኝ።»

ፊቴን አየች። ተቆጥታ ትመለሳለች ብዬ ነበር። «ማን ነካው?» አለች።

«ኃላፊዬ።»

«አለ ውስጥ?»

«አለ።»

«እንግባ።» ጫማዋ ያንን ድምፅ አሰማ። እኔ እንኳን ተማሪዋ ሳልሆን ወገቤን አቀናሁ።

አዳራሹ በሰው ሞልቷል። ረጅሙ ተማሪዬ ክራቫቱን ዛሬ አስሮታል። ፖስተኛው የራሱን ጀርባ ፊት ለፊት ቆሞ ያያል። እትዬ በቀጥታ ስዕሏ ጋ ሄዳ ቆመች፤ ደረቷን በእጅ ቦርሳዋ አልሸፈነችም። ሸሚዟ ብቻ፣ በግራ በኩል ሜዳ። ሰዎች አዩዋት። ከዚያ ጣሪያ አዩ። ማስመሪያው ገምጋሚዎቹን አስከትሎ መጣ፤ እንግዳ መስላው አስረዳት።

«ይቺ የባልደረባችን ሥራ ናት። እጇ መልካም ነው፣ ትቸኩላለች እንጂ። እዚህ ጋ ሳትጨርስ ትታው ነበር፤ እኔ ነኝ የሞላሁት።»

«ከማን አይተው?» አለች እትዬ።

«አልገባኝም?»

«ሲሞሉት ማንን አይተው ነው የሞሉት?»

«ይሄ ማየት አያስፈልገውም፣ እመቤቴ። ቀኙ ካለ ግራው ይታወቃል።»

«ከቀኙ ገለበጡት ማለት ነው።»

«እንደዚያም ሊባል ይችላል» አለና ሳቀ።

«የተቀመጥኩላት እኔ ነኝ» አለች።

ማስመሪያው ዓይኑ መጀመሪያ እዚያ ሄደ። ከዚያ ጣሪያውን አየ።

እትዬ ቦርሳዋን ከፈተች። ቀይ እስክሪብቶ አወጣች፤ ያለሱ ከቤት ወጥታ አታውቅም። ማንም ሳይደርስባት ከአንገት አጥንቷ ሥር ጀምራ፣ የሞላውን ጡት መሃል ለመሃል ከፍላ፣ እስከ ታች ድረስ አንድ መስመር አወረደች። ከጎኑ ለሠላሳ ዓመት በየደብተሩ ጠርዝ በምትጽፍበት እጅ ጻፈችበት፦ «አሠራሩን አሳይ።»

ከዚያ ክዳኑን ጠቅ አድርጋ ዘጋችና «ዜሮ» አለችው፣ በለሆሳስ።

ረጅሙ ተማሪ አጨበጨበ። ብቻውን ነበር፤ ከዚያ ፖስተኛው ተጨመረ፤ ከዚያ ማን እንደሆነ አላየሁም፣ ብቻ ብዙ ነበሩ። ማስመሪያው «የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው! ንብረት ተበላሸ!» ይላል፤ የሰማው የለም።

እኔ መስመሯን ነበር የማየው። ሃያ ዓመት ለተማሪ ላስረዳው የደከምኩበት ነገር እዚያ ነበር። ሲጀምር ጠብቆ ይወርዳል። መሃል ላይ እጇ አንዴ ተንቀጠቀጠ፣ ቀዩ ሳሳ፤ አላቆመችም። ሥሩ ላይ ተጫነችው፣ ወረቀቱ ጎድጎድ ብሏል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ካለው ሁሉ፣ የእኔንም ጨምሮ፣ እሱን የሚያክል መስመር አልነበረም። ይህን ያልኩት እህቴ ስለሆነች አይደለም። ስለሆነችም ነው።

ታክሲ ውስጥ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ምንም አትከብድም። «ስንት ሰጠሽኝ?» አለች።

«ሙሉ።»

«አታዳዪልኝ» አለችና እንቅልፍ ወሰዳት።

ማክሰኞ

ገምጋሚዎቹ የማታው ክፍል ይቀጥል ብለዋል። አንደኛዋ ቀዩን መስመር ያሰመረችው ሠዓሊ ማን እንደሆነች ጠይቃለች። ማስመሪያው በበኩሉ የይቅርታ ደብዳቤ ካልጻፍሽ ክፍሉን ሌላ ሰው ያስተምረዋል አለኝ።

«ይቅርታ የሚጠየቅበት ነገር ስታገኝ ንገረኝ» አልኩት። ይሄኛው መልስ ደረጃው ላይ ሳልደርስ መጣልኝ።

ስዕሉን ከእነ ቀዩ ጠቅልዬ ወጣሁ። ረጅሙ ተማሪ ከአንድ ጎማ ጠጋኝ ሱቅ በላይ የምንስልበት ክፍል አግኝቷል፤ ጎማ ጎማ ይሸታል፣ ብርሃኑ ግን በሁለት በኩል ነው። ፖስተኛው እቀመጣለሁ ብሏል። የላጲስ ቆርቆሮውንም ይዤ ወጥቻለሁ።

እትዬ ትናንት ተመልሳ ሆስፒታል ገብታለች። ለእረፍት።

እሑድ

መድኃኒቱን ያቆሙት እረፍት ይሰጣት ብለው አይደለም። ሐኪሟ በዚያን ቀን በግልጽ ነግራኛለች፤ ሰምቼያለሁ። ቃል በቃል ሰምቼያለሁ።

ዛሬ ስገባ ወንበሩ በአልጋው በቀኝ በኩል ነበር። አንስቼ በግራ አደረግኩት። ነርሷ መንገድ ይዘጋል አለችኝ፤ በጎን ትለፊ አልኳት። እትዬ ተኝታለች፣ አፏ ትንሽ ተከፍቷል፣ ደረቷ ይነሳል፣ ይቆያል፣ ይወርዳል። ጣሪያውን አንዴም አላየሁም። ከግንባሯ ጀመርኩ፤ ትከሻዋን ሦስቴ ስቼ በአራተኛው አገኘሁት፣ የሳትኳቸውን ተውኳቸው። ነጩ ቦታ ላይ ከሰሌን አነሳሁ።

ዓይኗን ገለጠች። «ጨረስሽ?» አለች።

«አልዘጋሁትም» አልኳት።